ግድግዳው ሳይለሰን

ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ነገሩን ሻወር ውስጥ ገብቶ ያውቀዋል። ውሃው በፈረቃው መጥቶ ጣሪያ ላይ ያለውን ሮቶ ሞልቷል፤ ሻወሩ ሲከፈት ግን እንደ ክር ቀጥኖ ይወርዳል። የሚታማው ፈረቃው ነው። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ግድግዳው ውስጥ ተቀብሯል።

ከፍ ብሎ የተቀመጠ ውሃ በየ10 ሜትሩ 1 ባር ያህል ግፊት ይሰጣል። ሮቶው ከሻወሩ 3 ሜትር ከፍ ቢል ያለን 0.3 ባር ብቻ ነው። ይህችው ግፊት ደግሞ በየኤልቦው እየተቀነሰች ነው የምትደርሰው።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት የቁጥር ነገር አለ። የድሮው የብረት ቧንቧ ስሙ ግማሽ ኢንች ይሁን እንጂ ውስጡ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ግን የሚጠራው በውጭው ስፋት ነው። ለሙቅ ውሃ የሚሆነው ባለ 20 ሚሊ፣ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ውስጡ 13.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እና "ግማሽ ኢንቹን አውጥቼ ሃያ አስገባሁ" ያለ ሰው የውሃውን መንገድ በሲሶ ያህል አጥብቦታል። የግማሽ ኢንች እውነተኛ ምትክ 25 ነው። የዋጋ ልዩነቱ ለሴራሚኩ ከሚወጣው ጋር ሲተያይ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም።

እኛ ብሎክ አንድ ቤት ሲታደስ አንድ አንጋፋ ቧንቧ ሠራተኛ ልጅ እግሩን ሲያስተምር ቆሜ አየሁ። ፒፒአሩን አሙቆ የሚያጣብቀው ማሽን 260 ዲግሪ ደርሷል። ለ20 ሚሊ 5 ሴኮንድ፣ ለ25 ሚሊ 7 ሴኮንድ ማሞቅ ይበቃል። ልጁ ግን እንዲጠነክርለት ብሎ አቆየው። "አታብዛው ልጄ፣ ይዘጋብሃል" አሉትና መገጣጠሚያውን በመጋዝ ለሁለት ሰነጠቁት። የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ተገልብጦ እንደ ከንፈር አብጧል፤ የቀረው ቀዳዳ እርሳስ እንኳ በግድ ነው የሚያሳልፈው። ከውጭ ሲታይ እኮ አንዳች እንከን የለውም!

ደንብ ጠፍቶ አይደለም። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ 9ኛው ክፍል የቧንቧ ሥራን የሚመለከት ነው፤ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ወጥቷል። የጎደለው በሰዓቱ የሚያይ ዓይን ነው። ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ብረቱን የሚቆጥር ተቆጣጣሪ ይመጣል። ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ቧንቧውን የሚያይ ግን በብዙ ቤት የለም። ፍተሻው ግን ከባድ አይደለም፦ መስመሩን በውሃ ሞልቶ ጫፎቹን መድፈን፣ በእጅ ፓምፕ ከሥራ ግፊቱ አንድ ተኩል እጥፍ ማድረስ፣ ከዚያ ጌጁን መጠበቅ። መርፌው ከወረደ ማፍሰሱ ከሴራሚኩ በፊት ታወቀ ማለት ነው።

ፍሳሹም የራሱ ጣጣ አለው። ሲፎን ውስጥ የምትቀረው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ናት ሽታውን የምትይዘው። አየር ማስገቢያ ቧንቧ ከሌለ ግን ላይኛው ፎቅ ሽንት ቤት ሲለቀቅ ቁልቁል የሚሄደው ውሃ ያቺን መጦ ይወስዳታል። እኛ ግን ሽታውን ለማጥፋት በረኪና እናፈሳለን።

ከሁሉ የሚያሰጋኝ ግን ፓምፕን በቀጥታ ከመንገዱ መስመር ጋር ማገናኘት ነው። መስመሩ ባዶ በሆነበት ሰዓት ፓምፑ ሲስብ በየስንጥቁ የአፈሩን ቆሻሻ አብሮ ያስገባል፤ የሚጠጣው ደግሞ ጎረቤትም ጭምር ነው። ውሃው መጀመሪያ መሬት ላይ ወዳለ ታንከር ይግባ፤ ፓምፑ ከዚያ ይሳብ።

የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 (ዓ.ም.) የግሉንና የጋራውን ይለያል። እኛ ብሎክ ግን ሦስተኛ ፎቅ ኮርኒስ ላይ የወጣው ቢጫ እድፍ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተለየም። አራተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ "ሴራሚኬ አይነካም" ብለዋል፤ ኮሚቴው ሁለቴ ተሰብስቧል። እስከዚያው ከእድፉ ሥር ባልዲ ተቀምጧል፤ ማታ ማታ እየሞላ ይደፋል።