ልጆች የሠሩትን አስቀድሞ የሚያየው ማን ነው?

የዴንማርኩ ኩባንያ ሌጎ ስሙን የገነባው ወላጅ ሳይሳቀቅ ለልጁ በሚገዛቸው ባለ ቀለም የፕላስቲክ መገጣጠሚያዎች ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2010 ደግሞ ሌጎ ዩኒቨርስ የሚል የኦንላይን ጌም ከፈተ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ልጆች እነዚያኑ መገጣጠሚያዎች በስክሪን ላይ እየደረደሩ ያሻቸውን ይሠራሉ፤ ሌሎች ተጫዋቾች መጥተው ያዩላቸዋል። ጌሙን የሠራው በአሜሪካ ኮሎራዶ የነበረው ኔትዴቪል የተባለ ድርጅት ሲሆን፣ ከላይ የመጣለት ትእዛዝ አጭር ነበር፦ የትኛውም ልጅ፣ ለአንድ ጊዜም ቢሆን፣ ሌላ ተጫዋች የሠራውን የወንድ ብልት ቅርጽ እንዳያይ።

ትእዛዙ ያስቃል፤ ያዘዙት ሰዎች ግን ስጋታቸው ባዶ አልነበረም። ተጫዋቹ የራሱን ፍጡር የሚቀርጽበት ስፖር የተባለው ጌም በ2008 የመቅረጫ መሣሪያውን ቀድሞ ሲለቅ፣ ብዙ ሳይቆይ ኢንተርኔቱ በእግራቸው በሚሄዱ ብልቶች ተሞልቶ ነበር። እንዳሻህ ሥራ የተባለ ሰው፣ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅም ይሁን የአርባ ዓመት ጎልማሳ፣ እጁ ቶሎ የሚሄደው ወደ ተከለከለው ነው።

በጌሙ ላይ ከሠሩት ፕሮግራመሮች አንዷ ሜገን ፎክስ (ከተዋናይቷ ጋር የሚያገናኛት ስሟ ብቻ ነው) በ2015 በትዊተር ታሪኩን አውግታዋለች። ቅርጹን በራሱ የሚለይ ሶፍትዌር እንዲሠራ ተጠይቆ ነበር፤ የተሞከረው ሁሉ ከሸፈ። ተጫዋቾቹ ነውሩን ሶፍትዌሩ በማያይበት ጥግ ይሸሽጉታል። ከአንድ አቅጣጫ ሲታይ ብቻ እንዲገጥም አድርገው ይሠሩታል። ወይም ለየብቻቸው ምንም የማይመስሉ ቁርጥራጮችን ያቆሙና አንድ ላይ ሲታዩ ያው ይሆናሉ። በመጨረሻ ሥራው ወደ ሰው ዓይን ተመለሰ። እያንዳንዱ ግንባታ በብዙ ስክሪንሾት ተነስቶ ለሞደሬተሮች ይላካል፤ እነሱ አይተው እስኪያሳልፉት ድረስ እንግዳ ሰው አያየውም። የቅርብ ጓደኛ ተብሎ የተመዘገበ ግን ሳይጣራ ማየት ይችል ነበር።

ይህን ሁሉ የሚያይ ሠራዊት ደመወዝ ይበላል። ጌሙ በጥር 2012 መጨረሻ ተዘጋ። ኩባንያው የሰጠው ምክንያት የሚያዋጣ የገቢ መንገድ አላገኘሁም የሚል ነበር፤ ፎክስ በበኩሏ የሞደሬሽን ወጪ ከትልልቆቹ ችግሮች አንዱ እንደነበር ተናግራለች። በእነዚያው ዓመታት የስዊድኑ ማይንክራፍት፣ ያውም በብሎክ መገንባትን ይዞ፣ ዓለምን ያዳርስ ነበር። ማይንክራፍት ያኔ ሰርቨር የከፈተ ሰው ሰርቨሩን ራሱ ይጠብቅ ብሎ ትቶታል። ሌጎ ለእያንዳንዱ ልጅ ዋስ ሆኖ ቀረበ፤ ማይንክራፍት ዋስ አልሆነም። ሂሳቡ የተለያየው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ስለ ሞደሬተር ሥራ ሲወራ ብዙ ሰው የሚያስበው የተከለከሉ ነገሮችን ዝርዝር ነው። ዝርዝሩን ማንም በአንድ ከሰዓት በኋላ ያወጣዋል። የሚከብደው፣ ተጫዋቹ የሠራው ለሌሎች የሚታየው ከመጣራቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ ማጣሪያው ሲሳሳትስ የሚጎዳው ተመልካቹ ነው ወይስ ሠሪው የሚለው ነው። ሌጎ ስህተቱን በሙሉ ሠሪው ላይ ጣለ፤ ንጹሕ ቤት የሠራ ልጅም ወረፋ ይጠብቃል። በ2008 የወጣው ሊትልቢግፕላኔት ሌላውን መንገድ ያዘ። ተጫዋች የሠራው ደረጃ ወዲያው ለሁሉም ይታያል፤ ያልጣመው ሰው ሪፖርት ያደርጋል፤ ሞደሬተር ከዚያ በኋላ አይቶ ያነሣዋል። ጌሙ በወጣ በሳምንታት ውስጥ ብዙ የለፉበት ሥራ ያለ ምንም ማብራሪያ የጠፋባቸው ተጫዋቾች ጩኸት ተነሣ። መከልከሉ ሳይሆን በምን እንደተከለከሉ አለመነገራቸው ነበር ይበልጥ ያበሳጫቸው። አያስደንቅም፤ ጥፋቱ ያልተነገረው ሰው የሚያርመው ነገር የለውም።

ከቅርጽ ወደ ቃል ሲመጣ ነገሩ ይብሳል። ራንዲ ፋርመር በ1980ዎቹ ሃቢታት የተባለውን ፋና ወጊ የኦንላይን ዓለም ከፈጠሩት ሰዎች አንዱ ነው። በ1990ዎቹ ለዲዝኒ የልጆች መጫወቻ ዓለም ሲዘጋጅ የሆነውን ጽፎታል። ተጫዋቾች የሚነጋገሩት ተመርጠው በተሰጧቸው ቃላት ብቻ እንዲሆን ታሰበ፤ ስድብም ሆነ የሰውነት ክፍል በዝርዝሩ ውስጥ የለም። የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ጠርተው ይሞክረው ቢሉት፣ ደቂቃዎች ሳይሞላ በቀጭኔና በጥንቸል ብቻ አፍ የሚያስይዝ ብልግና አቀናብሮ አሳያቸው። በሰምና ወርቅ ላደገ አንባቢ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሰሙ ላይ የተቀመጠ ዘበኛ ወርቁን አይይዘውም። ዲዝኒ በ2003 ቱንታውንን ሲከፍት ከዚህ ተምሮ ተዘጋጅተው የተሰጡ ሙሉ ዐረፍተ ነገሮችን ብቻ መምረጥ አስቻለ። በነፃ መጻጻፍ የሚቻለው ከጌሙ ውጭ ከሚያውቁት ሰው ጋር ምስጢራዊ ቁጥር በመለዋወጥ ነበር። ልጆቹ ጌሙ ውስጥ ባለ ቤታቸው ዕቃ እየደረደሩ ቁጥሩን ለማያውቁት ሰው ማስተላለፍ ጀመሩ።

ቃል አጣሪው ጥፋተኛውን ማሳለፉ ብቻ ሳይሆን ንጹሑን ማሰሩም አለ። የእንግሊዟ ከተማ ስከንቶርፕ በስሟ መካከል ባሉ ጥቂት ፊደላት ምክንያት በ1996 ነዋሪዎቿ አሜሪካ ኦንላይን በተባለው አገልግሎት መመዝገብ አቅቷቸው ነበር። ከእኛም ሽታዬ የምትባል ልጅ ስሟን በላቲን ፊደል ትጻፈው፤ የመጀመሪያዎቹ አራት ፊደላት የታወቀ የእንግሊዝኛ ስድብ ናቸው። አያቷ ያወጡላትን ስም ማሽኑ ነውር ብሎ ይጥለዋል። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ እውነተኛ ስድብ በአንጻሩ ሊያልፍ ይችላል። ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ ጸና ፀ እየተለዋወጡ አንዱን ቃል በብዙ መልክ ያስጽፉታል፤ በላቲን ፊደል የሚጻፈውን አማርኛማ ማን ቆጥሮ ይጨርሰዋል። አማርኛ የሚያነብ ሰው ካልተቀጠረ መፍትሔ የለውም። የዚያ ሥራ ክብደት ምን ያህል እንደሆነ ደግሞ በናይሮቢ ለፌስቡክ ጽሑፍና ቪዲዮ ሲያጣሩ የነበሩ ሠራተኞች ለዓለም ተናግረዋል።

ዛሬ ይህ ሁሉ በአንድ ላይ የሚታየው ሮብሎክስ ላይ ነው። በ2006 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተከፈተው ይህ መድረክ ራሱ ጌም አይሠራም ማለት ይቻላል፤ ጌሞቹን የሚሠሩት ተጫዋቾቹ ናቸው። በ2025 በቀን ከ100 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ ነበረው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። በዚህ ብዛት የሌጎ ዓይነት ወረፋ አይታሰብም። በቻት ላይ የማይፈቀደው ቃል በመሰላል ምልክት (#) ይሸፈናል፤ የሚሰቀለውን ምስልና ድምፅ መጀመሪያ ማሽን ያጣራዋል፤ ሰው የሚደርሰው ለጥቂቱ ነው። ጌሙ ምን ያህል ደም፣ ምን ያህል ፍርሃት፣ ምን ያህል ቁማር ቀመስ ነገር እንዳለበት መጠይቅ የሚሞላው ደግሞ ሠሪው ራሱ ነው። በኅዳር 2024 በወጣው ደንብ ውጤቱ አነስተኛ፣ ለዘብተኛ፣ መካከለኛና የተገደበ በሚሉ አራት እርከኖች ይወጣ ነበር፤ ከዘጠኝ ዓመት በታች ያለ ልጅ መካከለኛውን ለመክፈት የወላጅ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። ለወላጅ ጠቃሚ መረጃ ነው። ግን ጎብኚ የሚፈልግ ሠሪ ስለ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት መሆኑን አለመርሳት ነው።

ሁሉም አገር በዚህ አልረካም። ቱርክ በነሐሴ 2024፣ ኩዌትና ኳታር በነሐሴ 2025 መድረኩን ዘጉት። ዶሃና ኩዌት ሲቲ ልጅ የሚያሳድጉ የእኛ ሰዎች ቤትም እገዳው ገባ ማለት ነው። ሙሉ በሙሉ መዝጋት ከውሳኔዎች ሁሉ ቀላሉ ነው፤ የትኛው ሥራ ይለፍ ብሎ አንድ በአንድ ማየትን ያስቀራል። የልጁን ጥሩ ሥራም አብሮ ያስቀራል።

እስካሁን ያወራነው ነውርነቱ ስለማያከራክር ነገር ነው። የሞደሬተርን ምሳ ሰዓት የሚበላው ግን የሚያከራክረው ነው። በ2020 የሆንግ ኮንግ ተቃዋሚዎች አኒማል ክሮሲንግ በተባለው ረጋ ያለ የኒንቴንዶ ጌም ውስጥ መፈክራቸውን ሰቀሉ፤ ብዙም ሳይቆይ ጌሙ ከቻይና የኦንላይን ገበያዎች ጠፋ። በዚያው ዓመት የጆ ባይደን የምርጫ ዘመቻ እዚያው ጌም ውስጥ ደሴት ከፈተ። በኅዳር ኒንቴንዶ ድርጅቶች ፖለቲካን ወደ ጌሙ ይዘው እንዳይገቡ መመሪያ አወጣ። ለቤተሰብ ይስማማል ማለት ብልግና የለበትም ማለት ብቻ ነው ወይስ የትኛውንም ወገን አያስቀይምም ማለት ነው? ሁለተኛው ከሆነ ልጆች እውነተኛውን ዓለም መሥራት አይችሉም።

አንድ ምሳሌ ላንሣ። አንዲት ታዳጊ የላሊበላን ቤተ ማርያም በብሎክ ልትሠራ ተነሣች እንበል። በፎቶው ላይ ያየችውን ሁሉ በትክክል ታስገባለች፤ መስኮቶቹ በተለያየ የመስቀል ቅርጽ የተፈለፈሉ ናቸው። ከእነሱ መካከል ክንዶቹ የታጠፉ መስቀል አለ፤ ከናዚ በፊት ብዙ መቶ ዓመታትን ያስቆጠረ፣ ቅርጹ ግን ስዋስቲካ ነው። የምስል ማጣሪያ የሚያውቀው የናዚን ምልክት ስለሆነ ሥራዋን ያግደዋል፤ ልጅቷም የጥላቻ ምልክት ለጥፈሻል የሚል መልእክት ይደርሳታል። ይግባኝ ትላለች። ይግባኙን የሚያየው ሰው መስኮቱ ብቻ ተቆርጦ ከተላከለት፣ የጥላቻ ምልክት ለመሆኑ አይጠራጠርም፤ እገዳውን ያጸናዋል። ግድግዳው ከነሙሉ መስኮቶቹ፣ የቦታው ስም ከጎኑ ተጽፎ፣ ሁለት ደቂቃ የማየት ጊዜም ተሰጥቶት ከደረሰው ግን ላሊበላን ሰምቶ የማያውቅ ሞደሬተር እንኳ ምልክቱ ያለው ቤተ ክርስቲያን ላይ መሆኑን ያያል። ከደንቡ ላይ አንድ ቃል መቀየር አላስፈለገም፤ የተቀየረው የሚላክለት ስክሪንሾት ስፋትና የሚሰጠው ጊዜ ነው።