እንፋሎት በባሩድ ወፍጮ ቤት

ስለ ኢንዱስትሪ አብዮት ትምህርት ሲሰጥ ከጥቁር ሰሌዳ የማትጠፋ አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች፤ «እንፋሎት የውኃን ኃይል ተካ» የምትል። ተማሪው ይገለብጣታል፣ ለፈተናም ይሸመድዳታል። እኛም ዛሬ ይህችኑ ዐረፍተ ነገር ይዘን እንግሊዝ አገር፣ ከለንደን በስተሰሜን ወደነበረው የዎልታም አቢ የባሩድ ፋብሪካ ጎራ እንላለን። እዚያ ነገሩ እንዲህ በቀላሉ አልሆነምና።

ፋብሪካው ያለው በሊ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ነው። ባሩድ መሥራት የጀመረው በ17ኛው መቶ ዓመት ሲሆን፣ በ1787 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የእንግሊዝ መንግሥት ገዝቶ የራሱ አደረገው። በዚያን ጊዜ የጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተር ሥራ ላይ ከዋለ አሥር ዓመት አልፎታል። ታዲያ ዎልታም አቢ በእንፋሎት የሚዞር ባሩድ ወፍጮ ያገኘው መቼ ነው ቢሉ፣ በ1857 ገደማ ነው። ሰባ ዓመት ሙሉ ምን ሲጠብቅ ነበር?

ምክንያቱን ለመገመት አያስቸግርም። የእንፋሎት ሞተር ያለ እሳት አይሠራም። ባሩድ ካለበት ግቢ የከሰል ምድጃ ማንደድ ደግሞ እንኳን ለመሥራት ለማሰብም ያስፈራል።

ባሩድ ማለት መቶ እጅ ቢሆን 75ቱ ፖታስየም ናይትሬት፣ 15ቱ የእንጨት ከሰል፣ 10ሩ ድኝ ነው። ይሁንና ሦስቱን መደባለቅ ብቻ አይበቃም። ድብልቁ ትንሽ እርጥበት እየተሰጠው ለሰዓታት መታሸት አለበት። ወፍጮውም እኛ እንደምናውቀው የእህል ወፍጮ አንዱ ድንጋይ በሌላው ላይ ተኝቶ የሚዞርበት አይደለም። በቶን የሚመዘኑ ሁለት የድንጋይ ወይም የብረት መንኮራኩሮች በጠርዛቸው ቆመው በክብ መደብ ላይ ይሽከረከራሉ። ለዚህ ሥራ ውኃን የሚያህል አልነበረም፤ ውኃ ብልጭታ የለውም። ችግሩ ሸለቆው ሜዳ መሆኑ ነው። ውኃው ብዙ ከፍታ ስለማይወርድ ኃይሉም የተወሰነ ነው፤ ወንዙ ከሚችለው በላይ ወፍጮ መጨመር አይቻልም። ከ1853 እስከ 1856 የተካሄደው የክሪሚያ ጦርነት ደግሞ የባሩድ ፍላጎትን ከፍ አደረገው።

እንግዲህ እሳቱ እንዴት ገባ? ሞተሩን ከሕንፃው መካከል፣ ወፍጮዎቹን በግራና በቀኝ አደረጉ። በመካከላቸው ወፍራም የጡብ ግንብ ቆመ። ከሞተሩ የሚነሳ ረጅም ዘንግ በወለሉ ሥር አልፎ ወፍጮዎቹን ከታች ያዞራል። ባሩዱ ዘንድ የሚደርሰው እሳቱ ሳይሆን መሽከርከሩ ብቻ ነው። (ይህን ክፍል ውስጥ ለማሳየት የካርቶን ሣጥን በመካከሉ ከፍሎ፣ በሁለቱም ክፍል አንድ ዘንግ አሳልፎ፣ በጫፍና ጫፉ የክር ማጠንጠኛ መሰካት ይበቃል። አንዱን ሲያዞሩት ሌላው ይዞራል።)

የወፍጮዎቹ ክፍሎች አሠራር ደግሞ ሌላ ነው። በሦስት በኩል ግንቡ ጠንካራ፣ የፊቱ ገጽና ጣራው ግን ቀላል ነው። ግንቡ ጎረቤቱን ለማዳን፣ ጣራው ለመብረር ተሠራ ማለት ይቻላል። ከእያንዳንዱ ወፍጮ በላይ ውኃ የሞላ ገንዳ ተሰቅሏል። ባሩዱ ከፈነዳ ግፊቱ ከላይ ያለውን ሳንቃ ያነሳውና ገንዳው ይገለበጣል። ከሁሉ ያስደነቀን ገንዳዎቹ እርስ በርስ መያያዛቸው ነው፤ አንዱ ሲገለበጥ የጎረቤቶቹም አብረው ይገለበጣሉ። ፍንዳታው ወደሚቀጥለው ክፍል ሳይዛመት እዚያው ተበጣጠሰ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የመጣው በምድጃው ፍርሃት ብቻ እንዳይመስለን። እንፋሎት ሳይገባ፣ በ1843 በዚሁ ፋብሪካ የደረሰ ፍንዳታ ሰባት ሠራተኞችን ገድሏል። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ወይም አንዲት ምስማር ከመንኮራኩሩ ሥር ብትገባ ምድጃ አያስፈልግም። ስለዚህ ሠራተኛው ገና ሲገባ ጫማውን ይለውጣል፤ ልብሱ ኪስ የለውም፤ ክብሪት ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ መሣሪያውም ብልጭታ እንዳይሰጥ ከመዳብና ከእንጨት ይሠራል። ባሩዱ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚሄደው በጀልባ ነው። ለዚሁ ሲባል በግቢው ውስጥ ቦዮች ተቆፍረዋል።

ወደ ዐረፍተ ነገራችን እንመለስና፣ ውኃ የት ሄደ? የትም አልሄደም። ማፍያውን የሚሞላው፣ ጀልባውን የሚሸከመው፣ ከሠራተኛው ራስ በላይ ተሰቅሎ የሚጠብቀውም እሱ ነው። በውኃ የሚዞሩት ወፍጮዎችም የእንፋሎቱ በመጣ ማግስት አልቆሙም።

የእንፋሎት ወፍጮዎቹ እስከ 1880ዎቹ መጨረሻ ድረስ ተራ በተራ ተጨመሩ። ወዲያው ግን ጭስ የማያወጣው ኮርዳይት መጣና የባሩድ ገበያ ቀዘቀዘ። ሕንፃዎቹ አልፈረሱም፤ ለኮርዳይት ሥራ ተለወጡ። ፋብሪካው ማምረቱን በ1945 አቆመ፣ የምርምር ጣቢያ ሆኖ እስከ 1991 ቆየ፣ በ2001 ደግሞ ሙዚየም ሆኖ ለጎብኚ ተከፈተ።