በቃሉ የያዘ ሰው ምን ይበላል?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ሲባል ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ ስንሰማ የኖርን ነን። አባባሉ ደግ ነው፤ ጸሐፊዎችንም ያኰራል። ዳሩ ግን ይህን የተናገረው ሰው የመካነ ሰላምን አካባቢ፣ የቦረናንና የሳይንትን፣ የወግዲንና የለጋምቦን ደጋ ያየ አይመስለንም። በዚያ አገር ቃል እንደ ገብስ ይዘራል፤ እንደ ገብስም ይታጨዳል። አንድ መጽሐፍ ለመጻፍ የስንት በግና ፍየል ቆዳ ይፈጅ በነበረበት ዘመን፣ ደሃው ተማሪ መጽሐፉን የሚያኖረው በራሱ ጭንቅላት ውስጥ ነበር። እዚያ ከገባ በኋላ ምስጥ አይበላው፣ እሳት አያቃጥለው፣ ሌባም አይሰርቀው።

ይህን ያለ ምክንያት አላነሣንም። በአሁኑ ጊዜ በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞች መድረክ ላይ ወጥቶ መናገርን፣ ወጣቶችን ማሠልጠንን፣ ከዚያም ድርጅት ማቋቋምን ሙያቸው ያደረጉ ሰዎች እየበዙ ሄደዋል። ከእነዚሁም መካከል «የማስታወስ ችሎታን እናሠለጥናለን» የሚሉ አይጠፉም። እኛ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ብዙ ያልቆየን፣ ጓደኞቻችንም ገና እንጀራቸውን በመፈለግ ላይ ያሉ ስለ ሆነ፣ ነገሩን ጠጋ ብለን ልንመለከተው ወደድን። የማስታወስ መምህርነት በእርግጥ ሰው ያኖራልን? የሚያኖርስ ከሆነ የቦረና ልጅ ሙያውን ከማን ይማር?

በውጭው ዓለም ሙያው የቆየ ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው የውጭ አገር ዘመናት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የግሪኩ ባለቅኔ ሲሞኒደስ የግብዣ አዳራሽ ተደርምሶ እንግዶቹ በተጨፈለቁ ጊዜ፣ እያንዳንዱ የተቀመጠበትን ስፍራ እያስታወሰ አስከሬኑን ለየዘመዱ ለየ ይባላል። ነገርን ከስፍራ ጋር አቆራኝቶ የመያዝ ዘዴም ከዚያ ተገኘ ይላሉ። ኢጣሊያዊው ካህን ማቴዎ ሪቺ በ1596 ይህንኑ ዘዴ በቻይና ቋንቋ ጽፎ ለአንድ አገረ ገዥ ልጆች ሰጠ። ታላቁ ልጅ ግን አንብቦ ሲያበቃ፣ ዘዴው እውነት መሆኑን ካመነ በኋላ፣ በዘዴው ለመጠቀም አስቀድሞ ብርቱ የማስታወስ ችሎታ ሳያስፈልግ አይቀርም አለ ይባላል። ለዚህ ልጅ ያለን አክብሮት ከፍ ያለ ነው።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ ኒውዮርክ ተወልዶ በ2023 በ96 ዓመቱ ያረፈው ሃሪ ሎሬን ነበር። ይህ ሰው ወደ አዳራሽ የሚገቡትን በመቶ የሚቆጠሩ እንግዶች ስም አንድ ጊዜ ብቻ ሰምቶ፣ ኋላ ከመድረክ ላይ ሆኖ እያንዳንዱን በስሙ ይጠራ ነበር። በልጅነቱ ንባብ የሚቸግረው ሰው እንደ ነበረም ተጽፏል። እንግሊዛዊው ዶሚኒክ ኦብራያን ደግሞ በ1987 አንድ ሰው 52 የመጫወቻ ካርታ ተራውን ሳይስት ሲደግም በቴሌቪዥን አየና፣ «እኔስ?» ብሎ ልምምድ ጀመረ። በ1991 ለንደን ላይ የመጀመሪያው የዓለም የማስታወስ ውድድር ሲደረግ አሸናፊው እርሱ ሆነ፤ ድሉንም 8 ጊዜ አገኘ። ከዚያ ወዲያ መጽሐፍ መጻፍ፣ ንግግር ማድረግና ማሠልጠን ሥራው ሆኖ ቀረ። የፈረንጁ መንገድ በአጭሩ ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ትርኢት፣ ቀጥሎ መጽሐፍ፣ ከዚያ ትምህርት።

የእኛ አገር መንገድ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ እኛንም ይበልጥ የሚያስደንቀን እርሱ ነው። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው ክፍለ ዘመን መዝሙረ ዳዊት አልገባው ብሎ ከመምህሩ ሸሽቶ ሲሄድ፣ አንዲት ትል ዛፍ ለመውጣት እየወደቀች እየተነሣች በ7ኛው ጊዜ ስትወጣ አይቶ ተመለሰ ተብሎ ይተረካል። እንግዲህ የአገራችን የዜማ ትምህርት የሚጀምረው ቃል በማይቀመጥለት ልጅ ታሪክ ነው ማለት ነው። ማንኛውም የማስታወስ መምህር ለማስታወቂያው ከዚህ የተሻለ ታሪክ አያገኝም።

የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ቀን ቀን ፊደሉንና ዳዊቱን በዓይኑ ይማራል። ሲመሽ ግን መጽሐፉ ይታጠፋል። ኩራዝ የሚያበራው ከየት ይመጣል? ስለዚህ ማታ በጨለማ የቃል ትምህርት ይሆናል። መምህሩ ይናገራል፤ ልጆቹ ይቀበሉታል፤ እስኪዋሐዳቸው ይደጋግሙታል። ቀን በዓይን፣ ማታ በጆሮ መማር በድህነት የተገኘ ሥርዓት ይመስላል፤ ይሁን እንጂ በእንቅልፍ ዋዜማ የተደገመ ነገር ጧት ይገኛል። ይህንም ማንኛዋም እናት ታውቀዋለች።

በዜማ ቤት የምናገኘው ዘዴ ደግሞ ሌላ ነው። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ ማለትም በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የድጓውን ምልክት እንደ ሠሩት ይነገራል። ጦርነት ሊቃውንቱን ጨርሶ ነበርና ቃሉን በሰው ጭንቅላት ላይ ብቻ መተው አስጊ ሆኖ ተገኘ። የምልክቱ አሠራር ግን ቃልን የሚሽር ሳይሆን ቃልን የሚጠራ ነው። ከቃሉ በላይ የምትቀመጠው ትንሽ ፊደል ተማሪው አስቀድሞ ዜማውን ከሚያውቀው ከሌላ ንባብ የተቀነጨበች ናት፤ እርስዋን ሲያይ ያ ዜማ ይመጣለታል። ፈረንጆች አዲሱን ነገር በሚታወቅ ነገር ላይ ማንጠልጠል እያሉ በብዙ ገንዘብ የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው። የእኛዎቹ ከ450 ዓመት በፊት በቀለም ጽፈው በብራና ላይ አኑረውታል።

ቅኔ ቤት ሲደርሱ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ተማሪው ከጓደኞቹ ርቆ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ወረቀት አይዝም። ከሁለት ቤቱ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ ያለውን ሁሉ በልቡ ገጥሞ፣ በልቡ ሽሮ፣ በልቡ አቃንቶ፣ በመምህሩ ፊት በቃሉ ይነግራል። ትናንት የተነገረ ቅኔ ዛሬ አይደገምም። ስለዚህ ያ ተማሪ የሚሠለጥነው ነገርን ለማከማቸት ብቻ አይደለም፤ ያከማቸውን በየቀኑ አዲስ አድርጎ ለማውጣት ነው። እኛ የዘመናዊ ትምህርት ልጆች ለፈተና የምንሸመድደው ከዚህ ጋር ሲተያይ ምን ያህል ቀላል እንደ ሆነ ለመናገር እናፍራለን።

የቦረናው ተማሪ ለቅኔ ወደ ዋድላ ይወጣል፤ ወይም የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ወደ ጎጃም ይዘልቃል። ለቅዳሴ ሰለልኩላ አለለት። በአቅራቢያውም በአማራ ሳይንት ጥንታዊቱ ተድባበ ማርያም አለች። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከውሻ ጋር እየታገለ ዓመታት ያሳልፋል። መጨረሻ ላይ መምህሩ መርቆት ወንበር ይዘረጋል። መምህር ሆነ፤ የኔታ ተባለ። ብሉይን፣ ሐዲስን፣ ሊቃውንትንና መነኮሳትን አራቱንም ጉባኤ የዘለቀ ከሆነ ደግሞ «አራት ዓይና» ይባላል። ይህ ማዕረግ በእኛ ግምት ከማናቸውም የውድድር ዋንጫ ይበልጣል።

እንጀራውን በተመለከተ ግን እውነቱን እንናገር። የኔታ ከተማሪ ገንዘብ አይቀበሉም። ተማሪው እንጨት ይለቅምላቸዋል፣ ውሃ ይቀዳላቸዋል፣ እርሻቸውን ያርምላቸዋል። ማስታወቂያ አያስነግሩም፤ ማስታወቂያቸው በየአገሩ የሚዞረው ተማሪ ነው። «እገሌ ዘንድ ተማርሁ» የሚለው አንድ ቃል በአራት ወንዝ ማዶ ያለውን ልጅ አስነሥቶ ያመጣዋል። ይህ በእውነት የንግድ ጥበብ ነው፤ ትርፉ ግን በክብር እንጂ በብር አልተቆጠረም። ስለዚህ ስንት ዓመት የለፋ ደቀ መዝሙር ወደ ከተማ ሲወርድ፣ የሚያሳየው የምስክር ወረቀት ስለሌለው፣ ቀን ሠራተኛ ወይም ዘበኛ ሆኖ ይቀራል። ብዙ ሺህ መሥመር በጭንቅላቱ ይዞ የሰው በር የሚጠብቅ ሰው ማየት ያሳዝናል።

ቃል በክርስቲያኑ ወገን ብቻ የቀረ እንዳይመስል፣ በዚሁ በወሎ ደጋ ደረሳውም ከሼኹ ሥር ተቀምጦ 114ቱን የቁርኣን ምዕራፎች በልቡ ይይዛል፤ የጨረሰውም ሐፊዝ ይባላል። መንዙማውም በሐድራው ከአፍ ወደ አፍ ሲወርድ የኖረ ነው። የቆሎ ተማሪውና ደረሳው በአንድ መንገድ ላይ፣ በአንድ ብርድ፣ አንዳንዴም ከአንድ ቤት ያገኙትን ቆሎ እየቆረጠሙ ሲሄዱ የኖሩበት አገር ነው።

እንግዲህ የዛሬው ወጣት ይህን ሀብት ይዞ መድረክ ላይ ቢወጣ ምን ያሳይ? እኛ ባሕረ ሐሳብን እንመርጥለታለን። ለምሳሌ ተሰብሳቢው «2018» ቢለው፣ 5500 ጨምሮ 7518 ያደርገዋል። ለ19 ሲያካፍለው 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲያትት 12 ወንበር ይሆናል። (መምህሩም ወንበር፣ ቁጥሩም ወንበር መሆኑ ያስቃል።) ወንበሩን በ11 አባዝቶ በ30 ሲገድፍ አበቅቴው 12፣ በ19 አባዝቶ በ30 ሲገድፍ መጥቅዑ 18 ይሆናል። ሁለቱ ተደምረው 30 ካልመጡ ስሕተት አለ ማለት ነው፤ ሒሳቡ ራሱን በራሱ ይመረምራል። ከዚያ የመስከረም 18ን ዕለት እሑድን ያገኝና፣ የእሑድ ተውሳክ የሆነውን 7 ሲጨምር 25 ይሆናል፤ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ነው። 69 ቀን ቆጥሮም ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ነው ይላል። እርሳስ አልነካም። ከ52 ካርታ ይልቅ ይህ ለሕዝባችን ቅርብ ነው ብንል አንሳሳትም።

ነገር ግን ከትርኢት በኋላ የሚሸጠው ትምህርት እውነተኛ መሆን አለበት። በ2017 የታተመ አንድ የኔዘርላንድ ጥናት፣ ልዩ ችሎታ የሌላቸውን ሰዎች በቀን 30 ደቂቃ ለ40 ቀን በስፍራ ዘዴ አለማምዶ ነበር። ከ72 ቃላት በአማካይ 26 ያህል ይይዙ የነበሩት ሰዎች 62 ያህል ለመያዝ በቁ። ስለዚህ ማስታወስ በልምምድ ያድጋል። ዳሩ ግን 40 ቀን መሆኑን፣ ያደገውም የቃላት ዝርዝር መያዝ መሆኑን እናስተውል። ፊዚክስ አልገባው ያለን ልጅ የስፍራ ዘዴ ፊዚክስ አያስተምረውም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ብቻ በሆኑበት አገር፣ የተጨነቀ ወላጅ «በሦስት ቀን ልጅህን ጎበዝ አደርግልሃለሁ» ለሚለው ሁሉ ኪሱን ይከፍታል። በዚህ ጭንቀት ላይ የሚነግድ ሰው መምህር ሊባል አይገባውም።

መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱን ግቢውን መካነ ሰላም ላይ አድርጓል። ከቅኔ ቤት የወጣ ልጅና ከዚያ ግቢ የተመረቀ ጓደኛው ተቀናጅተው አንድ ቤት ተከራይተው የንግድ ፈቃድ ቢያወጡ፣ አንደኛው ልምምዱን ሌላው ሒሳቡንና ደብዳቤውን ቢይዝ፣ የ40 ቀኑ ትምህርት 20 ሰዓት ብቻ ነው፤ ከትምህርት ቤት መልስ ይደርሳል። ትልቁ ችግር ዋጋው ነው። በነጻ የተማረ ሰው ዋጋ መጥራት ያፍራል፤ ብዙ ቢጠራ የገበሬው ልጅ ይቀርበታል፣ ምንም ባይጠራ ደግሞ የቤቱን ኪራይ የሚከፍለው የለም። የኔታ በእንጨትና በውሃ የፈቱትን ይህን ጥያቄ በብር የሚፈታ ሰው ከቦረና ሲነሣ፣ ስንት ብር እንዳለ ሄደን እንጠይቀዋለን።