ከላጲስ የማይበልጠው ጌኮ

በዚህ እትም የማስተዋውቃችሁ በዓለም ላይ በአንዲት ደሴት ብቻ የሚኖር ትንሽዬ ጌኮ ነው። በቆላ ከተሞች ማታ ማታ ግድግዳ ላይ የሚሮጠው እንሽላሊት ዘመዱ ነው። ይሄኛው ግን ለስላሳ ግድግዳ አይወጣም፤ ጣቶቹ ላይ የሚያጣብቅ ነገር የለውም።

ደሴቷ ዩኒየን ትባላለች፤ የምትገኘው በካሪቢያን ባሕር፣ ሴንት ቪንሰንትና ግሬናዲንስ በሚባለው አገር ነው። ጌኮው የሚኖርበት ጫካ 50 ሄክታር ገደማ ብቻ ነው። ርዝመቱ ያለ ጅራቱ 3 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው፣ ከላጲሴ አይበልጥም! ቀይ፣ ነጭና ጥቁር ነጠብጣቡ ግን ዶቃ የተደረደረበት ያስመስለዋል።

ጣጣው የመጣው ከዚሁ ውበቱ ነው። ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2005 ስለ እሱ ከጻፉ በኋላ በሩቅ አገር ያሉ ሰዎች ቤታቸው ሊያኖሩት ፈለጉ፤ ሌቦችም ጫካ ገቡ። ሌቦቹ የሚጎዱት የያዙትን ብቻ አይደለም። ድንጋይ ስታነሱ ሥሩ እርጥብ መሆኑን አይታችኋል አይደል? ጌኮው በዚያ ደረቅ ጫካ የሚተርፈው በዚህች እርጥበት ነው። ድንጋዩ ተገልብጦ፣ የበሰበሰው ግንድ ተሰባብሮ ከቀረ ፀሐይ ያደርቀዋል፤ ያልተያዙትም ቤት ያጣሉ።

በ2019 በዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዱ ተከለከለ። እኔን የገረመኝ ግን የደሴቷ ሰዎች ራሳቸው ጫካውን ሌት ተቀን መጠበቃቸው ነው። በ2018 ወደ 10,000 ወርዶ የነበረው ቁጥር በ2022 ወደ 18,000 ደረሰ። በ2024 ደግሞ ቤሪል የተባለ ከባድ አውሎ ነፋስ ደሴቷን መታ፣ የሰዎቹንም ቤት አፈራረሰ። ጥላ የሚሰጥ ዛፍ ሲወድቅ መሬቱ ይደርቃል፤ ስለዚህ ጠባቂዎቹ አሁን ከሌባው ሌላ ድርቀቱንም ማሰብ አለባቸው።