ደም ስር ሲዘጋ፣ በሩም ሲላላ፦ እግርን የማትረፍ ሳይንስ

እስቲ ንባቡን ከመቀጠላችሁ በፊት አንድ ነገር እንሞክር። አንድ እጃችሁን ወደ ታች አንጠልጥሉና ለአንድ ደቂቃ ያህል ቆዩ። በእጃችሁ ጀርባ ላይ ያሉት ደም ስሮች ተገታትረው ይታያሉ። አሁን እጃችሁን ከራሳችሁ በላይ አንሱት። ወዲያው ጠፉ አይደል?

ምንም ተአምር የለውም፤ ደሙ ቁልቁል ወርዶ ወደ ልብ ተመለሰ። ግን እጃችሁን ማንሳት ብትችሉም፣ እግራችሁ ቆማችሁ እስከዋላችሁ ድረስ ከልባችሁ በታች ነው። ታዲያ እግር ጋ የወረደው ደም ሽቅብ እንዴት ይመለሳል? መመለስ ሲያቅተውስ? ወይም ጭራሽ እግር ጋ መድረስ ሲያቅተው ምን ይሆናል?

በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች፣ ለምሳሌ በአጋሮና በሊሙ ገነት፣ ይህ የፈተና ጥያቄ ብቻ አይደለም። በለቀማ ወቅት ከጥዋት እስከ ማታ ቆሞ የሚውል ወጣት አለ። ማድረቂያው አልጋ ዳር ቆማ ቡና ስትለይ የምትውል እናት አለች። ስኳር በሽታ ይዟቸው የእግራቸው ቁስል አልድን ያላቸው አዛውንትም አሉ። የሦስቱም እግር ሊያም ይችላል፤ መንስኤውና ሕክምናው ግን አንድ ላይሆን ይችላል።

ሁለት ዓይነት ቧንቧ

የቡና ማጠቢያ ጣቢያ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፓምፑ ውሃውን ከወንዝ ስቦ በግፊት ሽቅብ ይልካል። ሥራውን የጨረሰው ውሃ ደግሞ በቦይ ቀስ እያለ ይወርዳል። የሰውነታችንም ነገር እንዲሁ ነው። ከልብ የሚወጣውን ደም የሚያደርሰው ደም ቅዳ ይባላል፤ ሐኪሞች አርተሪ ይሉታል። ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ከልብ ጋር እኩል ይመታል። ደሙን ወደ ልብ የሚመልሰው ደግሞ ደም መልስ ወይም ቬይን ነው። ግድግዳው ስስ ነው፣ ግፊቱም ዝቅተኛ ነው።

ልዩነቱ የጣቢያው ቦይ ቁልቁል ሲሄድ፣ የእግራችን ደም መልስ ሽቅብ መውጣቱ ነው። ለዚህም ሰውነት ሁለት መላ አለው። አንደኛው ባታችን ነው። በተራመድን ቁጥር የባት ጡንቻ ውስጥ ያሉትን ደም መልሶች ጨምቆ ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋል። ሁለተኛው ቫልቭ ነው፦ ወደ ላይ ብቻ የሚከፈት ትንሽ በር። በሩ ከኋላ ስለሚዘጋ የወጣው ደም አይመለስም።

ይህን እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቪ በ1628 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ በክንድ ላይ አሳይቷል። እናንተም ሞክሩት። ክንዳችሁ ላይ ጎላ ያለ ደም ስር ፈልጉና በአንድ ጣት ወደ አንጓ በኩል ተጫኑት። በሌላ ጣት ደሙን ወደ ክርን እየጠረጋችሁ ውሰዱትና ሁለተኛውን ጣት ብቻ አንሱ። መንገዳችሁ ላይ ቫልቭ ካለ፣ የተጠረገው ክፍል ባዶ እንደሆነ ይቆያል። በሩ ተዘግቷላ!

በሩ ሲላላ

አንድ ትልቅ ሰው ዝም ብሎ ሲቆም ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ ያለው የደም መልስ ግፊት 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ይደርሳል። የደም ግፊት ስንለካ «120 በ80» የምንለው በዚሁ መለኪያ ነው። መራመድ ሲጀምር ግን ግፊቱ ከ30 በታች ይወርዳል። የባት ሥራ ይህን ያህል ነው።

ቫልቩ ከላላ ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ስሩ ይለጠጣል፣ ይጠማዘዛል። ቫሪኮስ ቬይን የሚባለው ይህ ነው። የቤተሰብ ዝርያ፣ እርግዝና፣ ዕድሜና ለረጅም ሰዓት መቆም ያባብሱታል። ማታ ማታ እግር ይከብዳል፣ ያብጣል፤ ከቆየ ቆዳው ይጠቁራል፣ ይቆስላል።

ሕክምናው በቀላሉ ይጀምራል፦ መራመድ፣ ሲያርፉ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ጠበቅ ያለ ካልሲ ወይም ፋሻ። ካልበቃ ድሮ ዋናው መንገድ ቀዶ ጥገና ነበር፤ የተበላሸውን ስር ብሽሽት አካባቢ ቆርጦ መንቀል። ዛሬ ደግሞ በመርፌ ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ስሩን ከውስጥ በሌዘር ወይም በሬዲዮ ሞገድ ሙቀት መዝጋት ይቻላል። «ታዲያ ደሙ በየት ይሄዳል?» ካላችሁ ጥሩ ጥያቄ ነው። አብዛኛውን ደም የሚመልሱት ከጡንቻ ውስጥ ያሉት ጥልቅ ስሮች ስለሆኑ፣ ደሙ ወደ ጤነኞቹ ይዞራል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። አንድ እግር ብቻ በድንገት ካበጠና ካመመ፣ ጥልቁ ስር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው «ብርድ መትቶት ነው» ብሎ ወጌሻ ጋ ሄዶ ያሳሻል። የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ውስጥ ከገባ ሊገድል ስለሚችል፣ እንዲህ ያለ እግር አይታሽም፤ ቶሎ ሐኪም ያየዋል። ደግሞም የእግር እብጠት ሁሉ የደም ስር አይደለም። በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት ከመሄድ የሚመጣው ፖዶኮኒዮሲስ የሌላ መስመር፣ የሊምፍ፣ ችግር ነው፤ መከላከያውም ጫማና የእግር ንጽህና ነው።

መንገዱ ሲዘጋ

አሁን ወደ ደም ቅዳ እንሂድ። ሲጋራ፣ ስኳር በሽታ፣ የደም ግፊትና ኮሌስትሮል የቧንቧውን ግድግዳ ቀስ በቀስ ያጠቡታል። ምልክቱ ለየት ይላል። ሰውየው ዳገት ሲወጡ ባታቸውን ይይዛቸዋል፤ ቆም ሲሉ ይለቃቸዋል። ጡንቻው ሲሠራ ተጨማሪ ደም ይፈልጋል፣ ያ ደም ግን አይደርስም። ሲብስ ሌሊት ተኝተውም ያማቸዋል፤ እግራቸውን ከአልጋ ወደ ታች ሲያንጠለጥሉ ቀለል ይላቸዋል።

ልብ በሉ፦ የደም መልስ ሕመምተኛ እግሩን ሲያነሳ ይሻለዋል፣ የደም ቅዳ ሕመምተኛ ግን ሲያወርድ። ጠበቅ ያለው ካልሲም እንዲሁ ነው። ለመጀመሪያው መድኃኒት ነው፤ ደም እምብዛም ለማይደርሰው እግር ግን ያችኑ ጥቂት ደም ሊያግድበት ይችላል። ስለዚህ ፋሻ ከመጠቅለል በፊት የትኛው ቧንቧ እንደታመመ ማወቅ ግድ ነው።

እንዴት ይታወቃል? በሁለት ጣት ይጀመራል። በእግር ጀርባ ላይ፣ ከአውራ ጣትና ከሁለተኛው ጣት መሃል ወደ ላይ ስትሄዱ፣ የደም ቅዳ ምት አለ። ቀጥሎ የቁርጭምጭሚት ግፊት ከክንድ ግፊት ጋር ይነጻጸራል። የቁርጭምጭሚቱ ለክንዱ ሲካፈል ከ0.9 በታች ከመጣ መጥበብ አለ ተብሎ ይታሰባል። የሚያስፈልገው የግፊት መለኪያና ዶፕለር የምትባል ትንሽ መሣሪያ ናት።

ለጠበበ ቧንቧ መጀመሪያ ሲጋራ ማቆም፣ መድኃኒትና በመጠኑ መራመድ ይታዘዛል። ካልበቃ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ባይፓስ ነው፦ የተዘጋውን አልፎ ተለዋጭ መንገድ መሥራት። በ1948 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ዣን ኩንሊን የሕመምተኛውን የራሱን ደም መልስ ለዚህ ተጠቀመበት። ግን ስሩን ገልብጦ ሰፋው። ለምን? መልሱን ታውቁታላችሁ፤ ቫልቮቹ ወደ ላይ ብቻ ስለሚከፈቱ፣ ካልተገለበጠ ወደ እግር የሚወርደውን ደም ይዘጉበታል።

ሁለተኛው መንገድ ከቧንቧው ውስጥ ነው። ጥር 1964 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኦሪገን አንዲት የ82 ዓመት አዛውንት እግራቸው መጥቆር ጀምሮ «ይቆረጥ» ተባሉ፤ እሳቸው ግን እምቢ አሉ። የራጅ ሐኪሙ ቻርልስ ዶተር በጭናቸው በኩል ቀጭን ሽቦ አሳለፈ፣ በሽቦው ላይም እየወፈሩ የሚሄዱ ቱቦዎችን አስከትሎ የጠበበውን ከፈተው። እግራቸው ሞቀ፣ ቁስሉ ዳነ፣ አዛውንቷም ዳግመኛ ተራመዱ። ከአሥር ዓመት በኋላ አንድሪያስ ግሩንትዚግ በዙሪክ ቱቦው ጫፍ ላይ የሚነፋ ፊኛ አመጣ። ዛሬ ፊኛው ከተነፋ በኋላ ስቴንት የሚባል የሽቦ መረብ ትተው የሚወጡበት ጊዜም አለ።

ስድስት ሰዓትና 350 ኪሎ ሜትር

አንዳንዴ መዘጋቱ ድንገት ነው። ልባቸው በሩማቲክ በሽታ የተጎዳ ወጣቶች ልብ ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል፤ ያ ተነቅሎ እግር ውስጥ ይሰካል። እግሩ ይቀዘቅዛል፣ ይገረጣል፣ ይደነዝዛል፣ ምቱ ይጠፋል። በአብዛኛው እግሩን ለማትረፍ ያለው ጊዜ ስድስት ሰዓት ያህል ነው።

ለዚህ ቶማስ ፎጋርቲ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ያመጣው መላ ደስ ይላል። የመጀመሪያውን መሣሪያ የሠራው የጓንት ጣት ቆርጦ ቱቦ ጫፍ ላይ በማሰር ነው፤ ቋጠሮውን የለመደው ዓሣ ሲያጠምድ ነበር። ቱቦው የረጋውን ደም አልፎ ይገባል፣ ፊኛው ይነፋል፣ ሲሳብ የረጋውን ይዞ ይወጣል።

መሣሪያው ቀላል ነው፤ ከባዱ በሰዓቱ መድረስ ነው። የአገራችን የደም ስር ቀዶ ሐኪሞች ጥቂት ናቸው፣ አብዛኞቹም አዲስ አበባ ናቸው። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአጋሮ ወይም ከሊሙ የተነሳ ሕመምተኛ መጀመሪያ ጅማ ይደርሳል፣ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ከተላከ ስድስቱ ሰዓት መንገድ ላይ ሊያልቅ ይችላል። ለዚህ ነው እንደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ያሉ፣ ደቡብ ምዕራቡን የሚያገለግሉ ማስተማሪያ ሆስፒታሎች ውስጥ ይህን የሚሠራ እጅ መኖሩ ትልቅ ነገር የሚሆነው። ሐኪም የመሆን ሐሳብ ካላችሁ፣ ይህን ሙያ አስቡበት።

እስከዚያው ቤት ውስጥ የምትሠሩት አለ። ስኳር በሽታ የእግርን ነርቭ ስለሚያደነዝዝ፣ አያታችሁ እሾህ ወግቷቸው እንኳ ላይሰማቸው ይችላል። ማታ እግራቸውን ሲታጠቡ በጣቶቹ መሃልና ከውስጥ እግራቸው እዩላቸው። ከዚያ ሁለት ጣታችሁን የእግራቸው ጀርባ ላይ አሳርፉ። ምቱን ካጣችሁት አትደንግጡ፤ በጤነኛ ሰው ላይም አንዳንዴ አይገኝም። ግን ምቱ ጠፍቶ እግሩም ከቀዘቀዘ ወይም የማይድን ቁስል ካለበት፣ «ነገ እናያለን» አትበሉ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይዛችኋቸው ሂዱ።