የምትሸጎጥና የማትከሽፍ ሽጉጥ፤ ከአገር ቤት ለሚመጣ ጥያቄ የተሰጠ ማብራሪያ

በጁበይሃ ለምንገኝ ተማሪዎች ከአገር ቤት ስልክ ሲደወል፣ ከጤናና ከፈተና ጥያቄ በኋላ የሚከተለው ጉዳይ ከጊዜ ወደ ጊዜ ተለውጧል። ቀድሞ የሚጠየቀው ካፖርት፣ ሰዓት ወይም የስኳር መድኃኒት ነበር። አሁን አሁን ግን አንድ አጎት ወይም ታላቅ ወንድም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንተ ውጭ አገር ነህና ታውቀዋለህ፤ በወገብ የምትያዝ፣ ሰው የማያያት፣ የማትከሽፍ ሽጉጥ የትኛዋ ናት?» ይላል። ከመካከላችን አንዳንዱ በፊልም ያየውን ስም ጠርቶ ይገላገላል፤ ሌላው «እኔ ምን አውቄ» ብሎ ወሬውን ያስለውጣል። ሁለቱም መልስ አይደሉም፤ የመጀመሪያው እንዲያውም ሰው ሊያስገድል ይችላል። ስለሆነም ነገሩን ከመሠረቱ ማስረዳት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

በመጀመሪያ ከቃሉ እንነሣ። ሽጉጥ «ሸጎጠ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ምንሽርና ዲሞትፎር በትከሻ ተነግተው ለሰው እንዲታዩ የሚያዙ ናቸው፤ ሽጉጥ ግን ከስሙ ጀምሮ የሚሸጎጥ፣ ከጋቢና ከካፖርት ሥር የሚውል መሣሪያ ነው። ሌላው ዓለም «ተሰውሮ የሚያዝ» እያለ ረጅም ስም የሚያወጣለትን ነገር አማርኛ በአንድ ቃል ጨርሶታል። በታሪካችን ከሁሉ የታወቀው ሽጉጥ ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን የሠዉበት ነው። እርሱም የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የላከችላቸው ነበር።

ወደ ጉዳዩ ስንገባ፣ ጠያቂው በአንድ ትንፋሽ የሚጠይቃቸው ሁለት ነገሮች፣ ማለትም ትንሽነትና አለመክሸፍ፣ እርስ በርሳቸው የሚጓተቱ መሆናቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። አውቶማቲክ የሚባለው ሽጉጥ አንዱን ጥይት ከተኮሰ በኋላ የላይኛው ብረት ወደ ኋላ ተንሸራቶ ቀለሁን ይተፋል፤ ከዚያም ሞላው መልሶ ሲገፋው ከካዝናው ሁለተኛውን ጥይት ያጎርሳል። መሣሪያው ባጠረ ቁጥር ይህ ጉዞ ያጥራል፤ ብረቱ ስለሚቀልም ሞላው የግድ ይጠነክራል። ስለዚህ ትንሿ ሽጉጥ የቆየ ጥይት፣ የደከመ ሞላ፣ አፉ የተጣመመ ካዝና ወይም ጠበቅ አድርጎ የማይጨብጥ እጅ ስታገኝ ከትልቋ ይልቅ ትነክሳለች። በዚያ ላይ አፈሙዟ አጭር፣ ማነጣጠሪያዋም የተቀራረበ በመሆኑ ለመምታት ትከብዳለች፤ ስትተኮስም እጅን ትመታለች። ትንሽ ናትና ለጀማሪ ትቀላለች የሚለው ወሬ ውሸት ነው፤ ትንሿ ሽጉጥ የልምድ ሰው መሣሪያ ናት።

ይህን ግጭት መሐንዲሶች በልዩ ልዩ መንገድ ለማስታረቅ ሞክረዋል። በአሜሪካ የሚሠራው የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ትንሽ ሪቮልቨር ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 5 ጥይት በሚዞር ከበሮ ይዞ ቆይቷል። የሚንሸራተት ነገር ስለሌለው አንዱ ጥይት ቢከሽፍ ምላጩን ደግሞ መሳብ ብቻ ነው፤ ጉድለቱ የጥይቱ ማነስና የምላጩ ክብደት ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን መኮንኖች በወገባቸው ይዘውት ወደ አገራችን የገባው የ1934ቱ ቤሬታ አጭሩን የዘጠኝ ጥይት 7 ይጎርሳል። የኦስትሪያው ግሎክ 19 በ1988 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ አካሉ ፕላስቲክ፣ ክብደቱ ያለ ካዝና ወደ 600 ግራም፣ ጥይቱ 15 ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የሲግ ፒ365 ደግሞ ከመዳፍ እምብዛም ሳይበልጥ 10 ጥይት በመያዙ በሙያው ሰዎች ዘንድ ብዙ ተወርቶለታል። እነዚህ የመጨረሻዎቹ በእርግጥ ጥሩ መሣሪያዎች ናቸው። ነገር ግን ጎንደር ወይም ደብረ ማርቆስ ላለ ሰው ስማቸውን መጥራት የመርሴዲስን ስም ከመጥራት አይለይም፤ ከተገኙም የመጡበት መንገድ አይታወቅም።

አገር ቤት በእውነት የሚገኘው ማካሮቭ ነው። የሶቪየት ጦር በ1951 እ.ኤ.አ. የተቀበለው ይህ ሽጉጥ 730 ግራም ይመዝናል፤ 8 ጥይት ይይዛል። አፈሙዙ ከአካሉ ጋር የተጣበቀ፣ የውስጥ ክፍሎቹም ጥቂት በመሆናቸው ለመፍታትና ለማጽዳት እጅግ ቀላል ነው። መቆለፊያውን ሲያነሡት የተወጠረውን መዶሻ ያለ አደጋ ያወርደዋል። በአንፃሩ ከእርሱ የሚቀድመው ቶካሬቭ ጥይቱ ኃይለኛ ቢሆንም ራሱን የቻለ መቆለፊያ የለውም፤ መዶሻውን በግማሽ ከሚይዝ ጥርስ በቀር የሚያስተማምን ነገር ስለሌለው ጥይት አጉርሶ በወገብ መሸጎጡ የጤና አይደለም። ለንጽጽር ያህል ምርጫው በእኛ እጅ ቢሆን፣ በደህና የተያዘ ማካሮቭ ምንጩ ካልታወቀ አዲስ የሚያብረቀርቅ ሽጉጥ ይሻላል እንላለን።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። በገበያ «የዘጠኝ ጥይት» ሲባል ቢያንስ ሦስት የማይተካኩ ጥይቶች ይጠራሉ። የቤሬታው አጭር ዘጠኝ፣ የማካሮቭ ዘጠኝ፣ የግሎክና የመሰሎቹ ፓራቤለም ዘጠኝ። የቀለሃቸው ርዝመት በሚሊ ሜትር 17፣ 18 እና 19 ነው። የማካሮቭ እርሳስ ደግሞ ስሙ ዘጠኝ ይባል እንጂ ከሌሎቹ በጥቂቱ ይወፍራል። የአንዱን ለሌላው ማጉረስ ቢቀናው መክሸፍ ነው፤ ባይቀናው ብረት መፈንዳት። ጥይቱ በሕጋዊ መንገድ በአካባቢው የማይገኝ ሽጉጥ ደግሞ ምንም ያህል ቢወደስ የብረት ጌጥ ነው።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደርሰናል። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በየኬላው ተያዘ ሲባል በዜና ተደጋግሞ የሰማነው «የቱርክ ሽጉጥ» ነው። ይህን ስም በጅምላ መያዝ ልክ አይደለም፤ ካኒክና ሳርሲልማዝን የመሳሰሉት የቱርክ ፋብሪካዎች የታወቁ እውነተኛ ሽጉጦችን ይሠራሉ። ነገር ግን ከዚያው አገር የድምፅ ሽጉጥ የሚባል ሌላ ዕቃም ይወጣል። ይህ ለፊልም፣ ለውሻ ማሠልጠኛና ለማስደንገጫ የተሠራ፣ ባሩዱ ጮሆ እርሳስ የማይወጣው ነው። መልኩ ከእውነተኛው ስለማይለይ፣ በሕገ ወጥ መንገድ እየተለወጠ በአፍሪካ ቀንድ በብዛት መሠራጨቱን የአፍሪካ ኅብረትና በጉዳዩ ላይ የሚመራመሩ ድርጅቶች ሲገልጹ ቆይተዋል። አካሉ የሚሠራው ዚንክ ከበዛበት ለስላሳ ቅይጥ ነው። ይህ ቅይጥ የእውነተኛ ጥይት ግፊት እንዲችል አልታሰበም። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አሥሬ ሊተኩስ ይችላል፤ አንድ ቀን ግን የላይኛው ብረት ተሰንጥቆ የሚመጣው ወደ ተኳሹ ፊት ነው። አጎታችን «የማትከሽፍ» ብሎ የጠየቀን ሰው ከፍ ያለ ገንዘብ ከፍሎ የሚገዛው ብዙውን ጊዜ ይህን ሊሆን ይችላል።

ለመለየት የሚረዱ ምልክቶች አሉ። እውነተኛ ሽጉጥ የላይኛው ተንሸራታች ብረቱ ባብዛኛው ፎላድ ስለሆነ ማግኔት ይይዘዋል፤ ዚንኩን ግን አይዘውም። (የታችኛው እጀታ በእውነተኛውም ፕላስቲክ ወይም አሉሚኒየም ሊሆን ስለሚችል በእርሱ መፍረድ አይቻልም።) በጎኑ ላይ ከዘጠኝ ሚሊ ሜትር ቀጥሎ «ፒ.ኤ.ኬ.» የሚሉ የላቲን ፊደሎች ከተጻፉበት የድምፅ ሽጉጥ ሆኖ የተወለደ ነው። የፋብሪካ ቁጥሩ የተፋቀ ወይም በእጅ የተቀረጸ ከሆነም ስለ ጥራቱ መነጋገር ትርፍ ነው፤ ያ መሣሪያ ቀድሞ በማን እጅ ምን እንደሠራ የማይታወቅ ነውና፣ የተገኘበት ሰው የሌላውን ወንጀል በወገቡ ይዞ ይዞራል።

ሽጉጡ እውነተኛ ነው እንበል። አሠልጣኞች አንድን ሽጉጥ ከማመን በፊት ቢያንስ 200 ያህል ጥይት ሳይነክስ መተኮስ አለበት ይላሉ። አገር ቤት 200 ጥይት በተኩስ ሜዳ የሚያወጣ ሰው የት አለ? ብዙው ሰው የገዛትን ሽጉጥ አንዴ ወደ ሰማይ ተኩሶ ከሣጥን ያስቀምጣታል፤ ካዝናዋ ሞልቶ፣ ዘይቷ ደርቆ፣ ዓመት ይከርማል። እንዲህ ያለችውን አስተማማኝ የሚያደርጋት የፋብሪካ ስም የለም።

የአያያዙም ነገር እንደዚሁ ነው። ስሙ ሽጉጥ ሆኖ ቀረና ሰዉ በቀበቶና በሱሪ መካከል እንዲሁ ይሸጉጠዋል። እንደ ግሎክ ያሉት አዳዲሶቹ በጣት የሚገለበጥ መቆለፊያ የላቸውም፤ ጥንቃቄው ያለው ምላጩ ላይና ምላጩን ሙሉ በሙሉ በሚሸፍን ጠንካራ አፎት ላይ ነው። ያለ አፎት ሲሸጎጥ የሸሚዝ ጫፍ ወይም የጃኬት ገመድ ምላጩን ሊስበው ይችላል፤ ጉዳቱ የሚደርሰው በባለቤቱ ጭንና ሆድ ላይ ነው። ማታ ቤት ሲገባ ደግሞ ሽጉጥ ከፍራሽ ሥር የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። ካዝናው ወጥቶ፣ የጎረሰው ጥይት ተተፍቶ፣ በዓይንና በጣት ባዶነቱ ተረጋግጦ፣ ቁልፍ ባለው ሣጥን ጥይቱ ለብቻ ይቀመጣል። ካዝናው ወጣ ማለት ሽጉጡ ባዶ ሆነ ማለት አይደለም፤ አንዱ ጥይት አፈሙዝ ውስጥ ይቀራልና። ለልጆች ያለው አደጋ ከሌባው ይበልጣል።

ጠያቂው ይህን ሁሉ ሰምቶ «ታዲያ መንገድ ላይ ቢያግቱኝስ?» ቢል ስሞታው የሚናቅ አይደለም። በሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው ሲመለሱ የነበሩ ተማሪዎች በገርበ ጉራቻ አቅራቢያ ከአውቶቡስ ወርደው መታገታቸውን፣ ቁጥራቸውም ከመቶ በላይ መባሉን እኛም በየስልካችን ስናነብ አድረናል። እዚያ ወንበር ላይ ልንቀመጥ የምንችል ሰዎች ነንና ነገሩ ቅርባችን ነው። ነገር ግን በክላሽ የተከበበ አውቶቡስ ውስጥ 8 ጥይት የያዘ አንድ ሰው ምን ማድረግ ይችላል? በፍተሻ ከተገኘበት መጀመሪያ የሚወርደው እርሱ ነው። ሽጉጥ በጥቂት ሜትር ርቀት፣ አንድን አጥቂ፣ ለዚያውም ሠልጥኖ ለያዘው ሰው የሚጠቅም መሣሪያ እንጂ የመንገድ ዋስትና አይደለም። የተማሪው ንቅናቄ ታሪክም ይህን ያሳያል። ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ዋለልኝ መኮንን፣ ማርታ መብራህቱና አምስት ጓደኞቻቸው ሽጉጥና ቦምብ ይዘው የኢትዮጵያ አየር መንገድን አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲነሡ፣ በውስጡ የነበሩት የጸጥታ ሰዎች ቀደሟቸው፤ ከሰባቱ ስድስቱ ሞቱ። ስለ ዓላማቸው እስከ ዛሬ እንከራከራለን። በጠባቡ የአውሮፕላን መተላለፊያ ግን የለየው ልምድ ነበር።

ሕጉን በአጭሩ እንለፈው። በአገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝንም ሆነ ከውጭ ማስገባትን ይከለክላል። «አንድ ካዝና ብቻ»፣ «ሞላ ብቻ» ብሎ በሻንጣ ሸጉጦ መመለስ የወንድም ውለታ ሳይሆን ወንጀል ነው። በዮርዳኖስም ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጸናው የመሣሪያና የጥይት ሕግ ፈቃድን የአገር ውስጥ ሚኒስቴር ጉዳይ አድርጎታል። የተውጂሂ ውጤት በወጣ ማታ ወይም በሠርግ ቀን ከሱወይሊህ እስከ ዩኒቨርሲቲው በር ድረስ ተኩስ ሲሰማ አዲስ መጤው «እዚህ የተፈቀደ ነው» ብሎ እንዳይታለል፤ የደስታ ተኩስም የሚያስከስስ ነው። በሰኔ 2022 እ.ኤ.አ. በዚሁ በአማን በአንድ የግል ዩኒቨርሲቲ ግቢ አንዲት የነርስ ትምህርት ተማሪ በጥይት ከተገደለች ወዲህ ደግሞ በግቢ በሮች ያለው ፍተሻ ሊያስገርመን አይገባም። በመኖሪያ ፈቃድ ለሚኖር የውጭ ተማሪ የጓደኛን ሽጉጥ ለፎቶግራፍ እንኳ መያዝ ትምህርትን ሊያስቆም ይችላል።

ስለዚህ ስልኩ ሲደወል የሽጉጥ ስም አንጥራ። ይልቁንስ እነዚህን እንጠይቅ፦ ፈቃድ አለህ ወይ? ቁጥሩ ያልተፋቀና ከማን እንደተገዛ የሚታወቅ ነው? ማግኔት አስጠግተህበታል? ጥይቱ ከሦስቱ ዘጠኞች የትኛው ነው? ስንት ጊዜ ተኩሰህበታል? ልጆቹ የት ነው የሚተኙት? አጎት ከሁለተኛው ጥያቄ በኋላ ዝም ካለ፣ ገንዘቡን ገና ያልከፈለ እንደሆነ እንዳይከፍል በዚያው ስልክ መንገር ነው።