አሥራ ሁለቱ ቃላት

ካማሺ ላይ ስልኩ የጠፋበት ሰው ይበሳጫል እንጂ ቴሌብሩ ላይ ስላለው ገንዘብ ብዙም አይጨነቅም። መታወቂያውን ይዞ ኢትዮ ቴሌኮም ይሄዳል፣ የጠፋውን ሲም ያዘጋል፣ በዚያው ቁጥር አዲስ ያወጣል፤ ገንዘቡ ከነሳንቲሙ ይጠብቀዋል። ቴሌብር ሥራ ከጀመረበት ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ሰው የለመደው የስልክ ገንዘብ እንዲህ ነው። ስልክ ቢጠፋ ሒሳቡ ድርጅቱ ዘንድ አለ።

ሌላም የስልክ ገንዘብ አለ፣ ጠባዩ ግን ከዚህ ይለያል። በ2016 ዓ.ም. ሃምስተር ኮምባት የተባለው የቴሌግራም ጨዋታ ስንቱን ወጣት ስክሪን ሲያስነካካ ከረመ። በመስከረም 2017 የጨዋታው ዲጂታል ሳንቲም ለተጫዋቾች ሲከፋፈል ብዙዎች ለመቀበል ሲሉ የክሪፕቶ (የዲጂታል ገንዘብ) ዋሌት ለመጀመሪያ ጊዜ ስልካቸው ላይ ጫኑ። የደረሳቸው ከጠበቁት በታች ነበር፤ ዋሌቱ ግን እዚያው ስልካቸው ላይ ቀረ። ከእሱ ጋር በወጉ የተዋወቀው ጥቂት ሰው ነው።

ስሙ ራሱ ያሳስታል። ዋሌት፣ ማለትም የገንዘብ ቦርሳ፣ ይባል እንጂ ውስጡ ገንዘብ የለም። ገንዘቡ ያለው መዝገብ ላይ ነው፤ ለምሳሌ ከታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የቢትኮይን (የአንዱ ክሪፕቶ ገንዘብ) መዝገብ በመላው ዓለም በተበተኑ ኮምፒውተሮች ላይ ተባዝቶ የሚቀመጥ ነው። ስልኩ የያዘው ቁልፉን፣ ማለትም አንድ እጅግ ረጅም የሚስጥር ቁጥር ብቻ ነው። ገንዘብ ሲላክ ዋሌቱ በዚያ ቁጥር ይፈርማል፤ መዝገቡም ፊርማው ትክክል ከሆነ ይቀበላል። የፈረመው ባለቤቱ ይሁን ሌባ አይጠይቅም። ተሳስቻለሁ ቢሉት የሚመልስ፣ ተሰረቅሁ ቢሉት የሚያግድ ሠራተኛ የለውም።

ያን ቁጥር ማንም በቃሉ አይይዘውም። ስለዚህ ዋሌቱ መጀመሪያ ሲከፈት ቁጥሩን ወደ ተራ ቃላት ለውጦ ያሳያል፤ ብዙ ጊዜ 12፣ አንዳንዴም 24። የሚመረጡት 2,048 ቃላት ካሉት ቋሚ ዝርዝር ነው። ቅደም ተከተላቸውን ጠብቆ የጻፋቸው ሰው ስልኩ ቢሰበር፣ ወንዝ ቢገባ፣ ቢሰረቅም በሌላ ስልክ ላይ አስገብቷቸው ገንዘቡን መልሶ ያገኛል። ቃላቱን ያየ ሌላ ሰውም እንዲሁ ያገኘዋል። እንግዲህ ዋናው ዋሌት ያ ወረቀት ነው ማለት ይቻላል።

ለእኛ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለው። ዝርዝሩ በእንግሊዝኛ፣ በጃፓንኛ፣ በስፓኒሽና በሌሎች ጥቂት ቋንቋዎች ተዘጋጅቷል፤ አማርኛ ግን የለበትም። እንግሊዝኛው የሚከብደው ሰው ቃሉን እንደሰማው በፊደላችን መጻፉ አይቀርም። በእንግሊዝኛው ዝርዝር ውስጥ «ጥንድ» የሚል ትርጉም ያለው ቃልና የአንድ ፍሬ ስም ሁለቱም አሉ፤ በእኛ ፊደል ሲጻፉ ሁለቱም «ፔር» ናቸው። ከዓመት በኋላ የትኛው እንደነበር ማን ያስታውሳል? መፍትሔው ቃሉን በላቲን ፊደል አንድ በአንድ መገልበጥ ነው። ዝርዝሩ ሲሰናዳ የየቃሉ የመጀመሪያ አራት ፊደላት ከሌላው ቃል ጋር እንዳይመሳሰሉ ተደርጓል። እነዚያ አራቱ በትክክል ከተጻፉ የቀረው ቢደበዝዝም ቃሉ ይገኛል።

ወረቀቱም ጠላት አለው። በቆላ አገር ምስጥና ዝናብ ወረቀት አያስተርፉም። በእስክሪብቶ ጽፎ፣ በፌስታል ጠቅልሎ፣ አንዱን ቅጂ እቤት፣ ሌላውን ከቤት ውጭ በታመነ ቦታ ማስቀመጥ ይበጃል። ይህ ትርፍ ጥንቃቄ የሚመስለው በመስከረም 2011 ዓ.ም. በካማሺ ዞን በተነሳው ግጭት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው መውጣታቸውን የረሳ ሰው ነው። በችኮላ የወጣ ሰው ወረቀት ፍለጋ አይመለስም። ቃላቱን ፎቶ ማንሳት ግን መፍትሔ አይሆንም፤ በ2017 ዓ.ም. የደህንነት ባለሙያዎች የስልክ ፎቶዎችን እያነበበ እነዚህን ቃላት የሚለቅም ሰርጎ ገብ ፕሮግራም አግኝተዋል። የተደበቀውም በታወቁት የመተግበሪያ መደብሮች ውስጥ ነበር።

ሌላው የሌባ መግቢያ በር የተለመደው የመተግበሪያ አጫጫን ነው። ኢንተርኔት ሲጠፋ ወይም ካርድ ለመቆጠብ፣ መተግበሪያ ከጓደኛ ስልክ በዜንደር መቀበል አለ፤ ሞባይል ቤት ላለው ልጅ ስልኩን ሰጥቶ «ጫንልኝ» ማለትም አለ። ለዘፈንና ለፊልም ችግር የለውም። ለዋሌት ግን ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ፋይል አይሆንም። መብራት ሲጠፋ ቻርጅ ቤት የሚውል ስልክም ቢያንስ ጠንካራ የስክሪን ቁልፍ፣ ዋሌቱም የራሱ ፒን ያስፈልገዋል። ቴሌግራም ላይ «የዋሌቱ ድጋፍ ሰጪ ነኝ፣ ቃላቱን ላክልኝ» የሚል ከመጣ ያለ ጥርጥር ሌባ ነው። ገንዘብ ሲላክም አድራሻው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይመሳከር፣ አስቀድሞም ትንሽ ለሙከራ ይላክ።

ሕጉንም ማወቅ ይገባል። ብሔራዊ ባንክ በሰኔ 2014 ዓ.ም. የአገሪቱ መገበያያ ብር መሆኑን አስታውሶ በክሪፕቶ መገበያየት ሕገወጥ እንደሆነ አሳስቧል። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ደግሞ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር (ኢንሳ) በክሪፕቶ ሥራ የተሰማሩ ሁሉ እንዲመዘገቡ ጥሪ አቀረበ። የህዳሴ ግድብ ያረፈው ካማሺ ባለበት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በጉባ ነው፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልም ለቢትኮይን አምራቾች ኃይል ሲሸጥ ቆይቷል። ቢሆንም በቢትኮይን ካማሺ ገበያ ላይ ፍየል አይገዛም። የተጭበረበረ ሰው አቤት የሚልበት መስኮትም ጠባብ ነው። ስለዚህ ስልክ ላይ ያለው መጠን ቢጠፋ ቤት የማያፈርስ ይሁን።

ወረቀቱ በትክክል መጻፉን ማወቂያው ቀላል ነው። ዋሌቱ ላይ ከጥቂት ሳንቲም በላይ ሳይገባ መተግበሪያውን ማጥፋት፣ እንደገና መጫን፣ ከዚያም ወረቀቱን እያዩ ቃላቱን አንድ በአንድ ማስገባት። ሳንቲሙ ከተመለሰ ወረቀቱ ይሠራል፤ ነገ ነቀምት ላይም ሆነ አሶሳ ላይ፣ በማንም ስልክ ይሠራል። ካልተመለሰም የጠፋው ጥቂት ሳንቲም፣ የተገኘው ደግሞ በጊዜ የታወቀ ስሕተት ነው።